በእግር ወደ ቦጂ

የአዲስ አበባ ልጅ «ሽርሽር» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ቢሾፍቱ ነው። ቀጥሎ ላንጋኖ፣ ከዚያ ወንጪ (በተለይ በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ከተባለች ወዲህ)፣ ኪስ የሳሳ ቀን ደግሞ እንጦጦ። «ለሽርሽር ወለጋ እንሂድ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ወለጋ ከተባለ ወይ ዜና ነው፣ ወይ ቡና ነው፣ ወይ ደግሞ «እናንተ ወለጋዎች ቅቤ ላይ አትቻሉም» የምትለው የታወቀች ቀልድ ናት። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሽርሽር ነው የማወራችሁ፣ ያውም ስለ ቢላ። የወጥ ቤቱን ቢላ ማለቴ አይደለም! ቢላ ምዕራብ ወለጋ ውስጥ ከጊምቢ ወደ ነጆ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በቦጂ ድርመጂ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። አያቴ ያሉት እዚያ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ጃፓን ነው። ከቶኪዮ በስተምዕራብ፣ ከተማው አልቆ ጫካው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ታካኦ የሚባል ተራራ አለ። ተራራ ስላችሁ እንዳትደነግጡ፣ ከፍታው 599 ሜትር ብቻ ነው፤ የኛ አገር ገበሬ ቢያየው ጉብታ ብሎ ያልፈዋል። ከሺንጁኩ ባቡር የያዘ ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ እግሩ ሥር ይደርሳል። ታዲያ ይህን ጉብታ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይወጣዋል። ምን ሊያይ? ዛፍ። ምን ሊበላ? ቶሮሮ ሶባ የሚባል፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ሥር ተፍቆ ከላዩ የሚፈስበት ጠቆር ያለ ቀጭን ኑድል። ተራራው ላይ በ744 ተመሠረተ የሚባል ያኩዎኢን የተሰኘ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። መንገዱ የተሳላሚዎች መንገድ ነበር፤ ያ ሥርም ወጥቶ ለደከመ ተሳላሚ ጉልበት ይሆናል ተብሎ የሚቀርብ ምግብ ነው። እና ዛሬ በስኒከር የሚወጣው የቶኪዮ ወጣት ሳያውቀውም ቢሆን የጥንት እግረኛ በሄደበት ይሄዳል፣ የጥንት እግረኛ የበላውን ይበላል።

ይህን ሳነብ «ይኼማ ቢላ ነው!» አልኩ። ኮረብታ አለን። ከመሬት የሚቆፈር ሥርም አለን (እመጣበታለሁ)። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቦጂ ማለት ታሪኩ በሙሉ በእግር የመጣ አገር ነው። ዛሬ ላወራው የፈለግሁት ስለዚያ እግር ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እየቀነሳችሁ አንብቡ።

የመኪና መንገድ ሳይመጣ በፊት ወለጋ የነጋዴ መንገድ አገር ነበረች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነቀምቴን ማዕከል አድርጎ የተነሳውን የለቃ መንግሥት ያቆሙት በከሬ ጎዳና ይባላሉ። ስማቸውን አያችሁልኝ? በአማርኛ ጎዳና መንገድ ነው፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ጎዳኑ» ማለት ከቦታ ቦታ መነሳት፣ መሰደድ ነው። ከእርሳቸው ልጃቸው ሞረዳ በከሬ ተረከቡ። ሞረዳ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገበሩ፤ በ1889 ደግሞ ልጃቸው ኩምሳ ሞረዳ ተተኩ። ኩምሳ ክርስትና ሲነሱ ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የሚባሉት እርሳቸው ናቸው። የመሪዎቹን ታሪክ በዚሁ ልለፈው፤ በየመጽሐፉ አለ። እኔን የሚገርሙኝ ከሥር ከሥር የሚሄዱት ናቸው። አፍቀላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች፣ ከዓባይ ማዶ ከጎጃም የሚሻገሩት፣ ወደ ምዕራብ ወደ ቤኒሻንጉል ወርቅ የሚወርዱት። አሞሌ ጨው ተሸክመው ይመጣሉ፣ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ጭነው ይመለሳሉ። እንደ ቦጂ ያሉት አገሮች በዚያ ወደ ምዕራብ በሚያዘልቀው አቅጣጫ ላይ ናቸው።

እግረኛ ሲኖር ስንቅ አለ። የወለጋ ምግብ «ቅቤ የበዛበት» እየተባለ ሲቀለድበት ከዓላማው ተነጥሎ ነው። ጭኮን ተመልከቱ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ውኃ ሳይነካው፣ ለብዙ ጊዜ ሳይበላሽ የሚቀመጥ። እሳት አይፈልግም፣ ሰሃን አይፈልግም፣ ጉርስ አድርጎ መሄድ ነው። የዛሬ ልጆች ጂም ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት የሚዞሩት «ኢነርጂ ባር» የሚሉት ነገር ከዚህ በምን ይበልጣል? ቡና ቀላም እንዲሁ ነው። «ቀሉ» በኦሮምኛ ማረድ ነው፤ ቡና ቀላ የታረደ ቡና። የቡናው ፍሬ ከነገለፈቱ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፣ ከዚያ እንደ ቆሎ ይበላል። አዎ፣ ይበላል! ዛሬ የምናውቀው ቡና ቀላ የምርቃትና የክብር ምግብ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ የሚቀርብ። ግን ቡናና ቅቤ መንገድም ሄደዋል። በ1769 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ኦሮሞ ተዋጊዎች ሲጽፍ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ቡና በቅቤ አድበልብለው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ፣ አንዷ እንክብል ለአንድ ሙሉ ቀን ከዳቦና ከሥጋ በተሻለ እንደምታቆማቸው ተርኳል። ፈረንጅ ካፌ ውስጥ ቡናው ላይ ቅቤ ጨምሮ በብዙ ብር መሸጥ የጀመረው ከስንት ዘመን በኋላ ነው መሰላችሁ!

ያው መንገድ ግን ቡናና ወርቅ ብቻ አልነበረም የሚሄድበት። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ሽርሽር ብዬ ጀምሬ ወደዚህ ስለወሰድኳችሁ አትዘኑብኝ፤ ይህን ዘልሎ ስለ ወለጋ መንገድ ማውራት ግን አይቻልም።

በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። በሕፃንነቱ አባቱ ሞቱ። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት። በስምንት ጌቶች እጅ አልፎ ምጽዋ ደረሰ። ስምንት! ከኢሉባቦር ምጽዋ ካርታ ላይ በጣታችሁ ለኩትና አስቡት፤ ልጁ ያንን አገር በባሪያ ነጋዴ ፊት እየተነዳ ነው ያለፈው። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ኦኔሲሞስ የማን ስም እንደሆነ ታውቁ ይሆናል፤ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የወጣው ባሪያ ነው። ሂካ የሚለው የወላጅ ስሙ ደግሞ በኦሮምኛ ተርጓሚ የሚል ፍቺ አለው። አንድ ሰው ሁለቱን ስሞቹን እንዲህ ሙሉ በሙሉ ሲኖርባቸው አይቼ አላውቅም።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ተመለሰ። አሁን የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ኦሮሞ አገር መግባት። በዋናው መንገድ በኩል አይሆንም ስለተባለ ከባለቤቱ ከምሕረት ኃይሉና ከሌሎች ጋር በሱዳን ዞረው፣ የዓባይን ወንዝ ተከትለው ከምዕራብ ለመግባት ሞከሩ። አሶሳ ድረስ ደረሱ። አሶሳን ከቢላ የሚያገናኘውን አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ልቡ ይደማል፤ አሶሳ፣ መንዲ፣ ነጆ፣ ቦጂ… ቀርቶት የነበረው ይኼው ነው። ግን ማለፍ አልቻሉም፤ ወደ ፋማካ ተመለሱ፣ እዚያ ኦኔሲሞስንና የጉዞውን መሪ ንዳድ ጣላቸው። ሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲደርሱ ሱዳን በማህዲስቶች አመጽ እየነደደች ነበር።

ሰውየው በእግሩ መግባት ሲያቅተው ምን አደረገ? ቋንቋውን አስቀድሞ ላከ። እምኩሉ ቁጭ ብሎ መተርጎም ጀመረ። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፤ የመጨረሻው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ። ለአማርኛ አንባቢ ልዩ የምትሆን አንዲት ነገር አለች፤ መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ቁቤ በይፋ የተወሰነው በ1991 ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ ኦሮምኛ ባትሰሙም እንኳ የኦኔሲሞስን ገጽ ጮክ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። አያቴ አጠገብ ሆናችሁ ብታነቡላቸው እናንተ ያልገባችሁ ለእርሳቸው ይገባቸዋል። (ስለ ፊደል በየሻይ ቤቱ የምንጣላ ሰዎች ይህን ለአንድ ከሰዓት ብንሞክረው ምን ነበረበት?)

የኦኔሲሞስ ብቻ ሥራ ግን አልነበረም። እዚህ ላይ ስሟ ሁልጊዜ በኋላ የሚመጣ አንዲት ሴት አለች፤ አስቴር ጋኖ። እርሷም ባሪያ ነበረች። ከሊሙ እናርያ ወደ የመን ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባውን ያዙና ኤርትራ ላይ አወረዷቸው፤ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ኦኔሲሞስ ከቤቱ የወጣው በልጅነቱ ስለነበር የቋንቋውን ሙሉ ጓዳ አያውቀውም፤ አስቴር ግን ታውቀዋለች። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከጭንቅላቷ አውጥታ ጻፈች። ብዙው በ1894 በሁለቱ ስም በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። እስቲ አስቡት፤ ከእናቷ ቤት ተነጥቃ፣ ባሕር ላይ ተጭና፣ የሰው አገር ተጥላ፣ ይዛ የወጣችው ሀብት ማታ ማታ እሳት ዳር የሰማችው እንቆቅልሽ ነበር። ስንቅ ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቦጂ እንግባ። ቦጂ ውስጥ ከርከሮ የሚባል ቦታ አለ። በኦሮምኛም በአማርኛም ከርከሮ ያው ከርከሮ ነው፤ መተርጎም አያስፈልገውም። ኦኔሲሞስ ገና ኤርትራ ላይ ሆኖ መንገድ እየለመነ ሳለ፣ በ1898 መጨረሻ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባል ቄስ ከጓደኞቹ ጋር እዚህ ደረሰ። ከዚያው ከኤርትራ ወገን የተነሳ፣ ኦሮምኛ ተምሮ የመጣ ሰው ነበር። ቦጂ ከርከሮ ላይ ሰዉ በገዛ ቋንቋው ሲነበብለትና ሲሰበክለት የሰማው ከእርሱ ነው። እኔን የሚይዘኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ በር ላይ የቆመው የቋንቋው ልጅ ገና አልገባም፤ የቋንቋው እንግዳ ግን ገብቶ እያነበበ ነው። «ማን የማን ነው» ለሚለው የዘመናችን ጥያቄ ይህ ሰው አይመችም። ሐማሴኔ ወንድ ቦጂ ተቀምጦ በኦሮምኛ! ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 በእሳት አደጋ ሞተ።

ኦኔሲሞስ የገባው ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1904 ነው። ከተወሰደ 35 ዓመት፣ ከአሶሳ ከተመለሰ 22 ዓመት በኋላ። ነቀምቴ ሲደርስ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በደስታ ተቀበሉት። አስቴርም አብራ መጣች፤ ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆና እስከ 1964 ድረስ ኖራለች። የሚከተለው ግን ሰላማዊ አልነበረም። ኦኔሲሞስ በካህናት ተከሰሰ፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ እንዲጋዝ ፈረዱበት፤ ምኒልክ ደግሞ ፍርዱን ሽረው ነቀምቴ ተመለስ፣ ግን አትስበክ አሉት። አስር ዓመት ያህል በትምህርት ቤቱ ተወስኖ ቆየ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱለት። ሰኔ 21 ቀን 1931፣ እሑድ ቀን፣ ነቀምቴ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ስለ ሥሩ ቃል ገብቻለሁ። አንጮቴ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቤተኛ ነው፤ እንደ ዱባ በአጥር ላይ የሚሳብ ሐረግ፣ ፍሬው ሲበስል ቀይ፣ የሚበላው ግን ከመሬት ሥር ያለው። አያቴ (አኮ ነው የምላቸው) ጓሮ ውስጥ ይቆፍሩታል፣ ከነልጣጩ ለረጅም ሰዓት ይቀቅሉታል፣ ከዚያ ልጠው፣ አድቅቀው፣ በቅመም ቅቤ ያሹታል። ለመስቀል አንጮቴ የሌለበት ቤት ቤት አይባልም። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል፤ በላቦራቶሪ የመረመሩት ሰዎችም ካልሲየሙ ብዙ ሆኖ አግኝተውታል። ጩምቦው፣ ያ ወፍራም የጤፍ እንጀራ በቅቤና በአይብ፣ ከጎኑ ከተቀመጠ ደግሞ ያን ቀን ስለ ጃፓን ማሰብ ይከብዳል።

አንጮቴ የሚዘራው በፍሬው ነው። ለፍሬ የሚሆነውን ለማግኘት አንዳንዱ ሥር ሳይነቀል ዓመት ከዓመት እዚያው መሬት ውስጥ ይተዋል፤ በየዓመቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህ እናት ሥር በኦሮምኛ «ጉቦ» ይባላል። ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ! ቢሮ ለቢሮ ከምናውቀው ጉቦ ጋር ዝምድና የለውም። አንድ መስከረም አኮን «ይኼኛውንስ ለምን አንቆፍረውም?» ስላቸው «ኢንተላኮ፣ እሱ አይነካም፣ የሚመጣው ሰው ምን ይዘራል?» አሉኝ። እርሳቸው በልጅነታቸው ቦጂን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ያውቁት ነበር፤ ገበያ በእግር፣ ለቅሶ በእግር፣ ሠርግ በእግር። የትኛው ዋንዛ ሥር እንደሚያርፉ፣ የትኛው ምንጭ በጋውን እንደማይደርቅ ይነግሩኛል። የኔ የእግር ጉዞ ካርታ እርሳቸው ናቸው።

ካርታው ግን ተቀዷል። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል በተነሳው ግጭት ወለጋ የእግር መንገዷን አጣች። ከጥር 2020 እስከ መጋቢት መጨረሻ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ አኮ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ሳናውቅ የከረምንበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር መግቢያ ጉሊሶ ውስጥ ጋዋ ቃንቃ፣ ሰኔ 2022 ደግሞ ጊምቢ አጠገብ ቶሌ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ በመቶ የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ አማራ የሆኑ ነዋሪዎች ቶሌ ላይ በአንድ ቀን ተገደሉ። ስማቸው ዜና ያልሆነ የኦሮሞ ገበሬዎችም በየጓሯቸው ወደቁ፣ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። በ2023 ታንዛኒያ ላይ ሁለት ጊዜ ድርድር ተቀመጡ፣ ሁለቱም ያለ ስምምነት ተበተኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን አኮ ከቤታቸው እስከ ጎረቤት ያለውን መንገድ ነው የሚያውቁት። በእግሩ ሰው የሚመጣበት አገር ሰው የእግር ኮቴ ሰምቶ የሚደነግጥበት ሆነ። የታካኦ ወጣት ባቡሩ ዘገየ ብሎ ሲበሳጭ ሳስበው እቀናለሁ፤ በጫካው አይደለም፣ በምግቡም አይደለም፣ ጫካ ውስጥ ካጋጠመው ሰው ጋር «እንዴት ዋልክ» ተባብሎ ማለፍ በመቻሉ ነው።

እስከዚያው የምትሄዱ ካላችሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ መንገዱን የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ ሂዱ ካሏችሁ ሂዱ፣ ቆዩ ካሏችሁ ቆዩ። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ እደሩና የወለጋን ሙዚየም እዩ። «ለቀምቲ» በሚል ስም ዓለም የሚጠጣው ቡና ብዙው ከናንተ ወደ ምዕራብ ካሉት ኮረብታዎች ነው የሚመጣው። ከዚያ የዴዴሳን ቆላ አቋርጣችሁ ጊምቢ፣ ከጊምቢ ቢላ። ጊዜው ከዝናቡ በኋላ መስከረም ይሁን፣ አደይ ሲፈነዳ፣ አንጮቴ ሲቆፈር። ጭኮ ያዙ። ወደ ከርከሮ በእግር የምትወጡ ከሆነ የምታገኙትን ሰው ሁሉ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ ከብቱን ጠይቁ፣ እርሻውን ጠይቁ፤ እዚያ ሰላምታ አያጥርም። ቡና ቀላ ቢያቀርቡላችሁ ደግሞ ትንሽ ወስዳችሁ አትተዉ። የሚመርቁት ከበላችሁ በኋላ ነው።